አናቂ የሌለው ማነቆ

ሰሞኑን የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዘጠኝ ወራት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት እጄ ገብቶ አንድ ምሽት ሙሉ ሳነብበው አመሸሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ሽፋኑን ቀይራችሁ ለጎረቤቱ መሥሪያ ቤት ብትሰጡት ማንም ሳያውቅበት የሚያልፍ ሰነድ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ «ማነቆ» የሚለውን ቃል ሰባት ጊዜ አገኘሁት። «ቁልፍ ማነቆዎች ተለይተዋል»፤ «ማነቆዎችን ለመፍታት ርብርብ ተደርጓል»፤ «አሁንም ያልተሻገርናቸው ማነቆዎች አሉ»። ማን ማንን እንዳነቀ፣ የት ላይ እንዳነቀ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳነቀ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ብፈልግ የሚነግረኝ አጣሁ።

«ሰውዬው ሥራ ፈትቷል፤ አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ እርሱ ስለ አንዲት ቃል ይጨነቃል» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ይህችን ቃል በቅርብ አውቃታለሁ። ወደ ሪፖርት ስትገባ ደጃፉ ላይ ቆመው «እንኳን ደኅና መጣሽ» ካሏት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ፕሮግራም ክፍል ተቀጠርሁ። ጊዜው «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ»፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ቢ.ፒ.አር.፣ የሚባለው ነገር በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰበክበት ዘመን ነበር። አሠልጣኞች የጠርሙስ ሥዕል ግድግዳ ላይ እያሳዩ «ቦትልኔካችሁ የት ነው?» ይሉን ነበር። ግሩም ጥያቄ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሥልጠና ያተረፍሁትም እርሱን ብቻ ነው። እኔም የዋህ ነበርሁና መልሱን ልፈልግ ተነሣሁ። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ጉዳይ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ውሳኔ እስኪያገኝ በስድስት ጠረጴዛዎች ላይ ያልፋል። በአምስቱ ላይ አንድ ፋይል ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። በስድስተኛው፣ ማለትም በአንድ የክፍል ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያ ሰሞን 214 ፋይሎች ፊርማ ይጠብቁ ነበር። አንድ በአንድ ቆጥሬአቸዋለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው የሩብ ዓመት ሪፖርቴ ውስጥ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርእስ ሥር «214 ጉዳዮች የክፍሉን ኃላፊ ፊርማ በመጠበቅ ላይ ናቸው፤ ከእነዚህም 60ዎቹ ከስድስት ወር በላይ ቆይተዋል» ብዬ ጻፍሁ።

አለቃዬ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ በሰው ላይ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ረቂቁን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። ዐረፍተ ነገሬን ሰረዙት። በላዩ ላይ ውብ በሆነው የእጅ ጽሕፈታቸው «በአሠራር ላይ አንዳንድ ማነቆዎች አጋጥመዋል» ብለው ጻፉበት። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሪፖርት ስም አይጠራም።»

ስም አልጠራሁም ነበር። የጠራሁት ጠረጴዛ ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ ገቡ። የሟች ባለቤታቸው የአገልግሎት ማስረጃ እንዲጻፍላቸው ከጠየቁ ወራት አልፈዋል፤ ያለ እርሱ የጡረታ አበላቸውን ማስከበር አልቻሉም። የእኔ ሥራ አልነበረም፤ በሩ ክፍት ስለነበር ብቻ ነው የገቡት። «ልጄ፣ ማን ነው የያዘብኝ?» አሉኝ። ፋይሉ የት እንዳለ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ቀዩ እስክሪብቶ ገና ከአእምሮዬ አልወጣምና «እማማ፣ ማነቆ አጋጥሞ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሳቸው ስንተኛ ፎቅ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ለጓደኞቼ ሳወጋ ብዙ ጊዜ ስቀናል። እየቆየሁ ሳስበው ግን ከሁላችንም ይልቅ አማርኛ የሚያውቁት እርሳቸው ሆነው አገኘኋቸው። «ያዘብኝ» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። በአንዲት ቃል ውስጥ የያዘ አለ፣ የተያዘ አለ፣ መያዙ የጎዳው ሰው አለ። ይህ ቋንቋ ጥፋትን ያለ ባለቤት መናገር በተፈጥሮው የሚከብደው ቋንቋ ነው። እኛ የሪፖርት ጸሐፊዎች ብዙ ደክመን ነው ያስለመድነው።

ለመሆኑ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቦትልኔክ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ቃል በቃል የጠርሙስ አንገት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሰፊው መንገድ ድንገት ጠብቦ ተላላፊው የሚጨናነቅበትን ሥፍራ ለመጥራት ይገለገሉበት ጀመር፤ በኋላ ፋብሪካውም፣ ወደቡም፣ ኮምፒዩተሩም፣ ቢሮውም ወረሰው። ይሁንና የመጀመሪያው ሥዕል ከቃሉ ውስጥ አልጠፋም። ጠርሙሱን ገልብጡት፤ ሆዱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ውኃው የሚወርደው አንገቱ በፈቀደለት መጠን ነው። ቃሉ በትክክል ሲነገር እንግዲህ አንድ የሚፈስ ነገር መኖሩን፣ ያም ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠብብበት አንድ ቦታ መኖሩን፣ የመላው ጠርሙስ ዕጣም በዚያች ቦታ የተወሰነ መሆኑን ይናገራል። «ቦትልኔክ አለ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ አድማጩ «የምን? የት?» ማለቱ አይቀርም። ፈረንሳዮች ይህንኑ ነገር «ጉሎ ዴትራንግልማን» ይሉታል፤ የሚያንቅ የጠርሙስ አንገት እንደ ማለት ነው። አንገቱንም ማነቁንም አንድ ላይ ይዘዋል።

እኛ ዘንድ ያለው ማነቁ ብቻ ነው። «ማነቆ» የተወለደው «አነቀ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የግዕዙ «ኀነቀ» ማለት ነው። ከዚሁ ቤት «ታነቀ» አለ፣ «ተናነቀ» አለ፣ «ትንቅንቅ» አለ፣ «እንባ ተናነቀው» የምንለውም አለ። ቤተሰቡ በሙሉ ጉሮሮ ያለበት ነው፤ በአብዛኛውም የአንድ ሰው እጅ አለበት። ስለዚህ እንግሊዝኛው ቦታ የሚያመለክተውን ያህል አማርኛው አድራጊን ሊያመለክት በተገባው ነበር። እንዴት ቢሆን ነው ታዲያ ቦታም አድራጊም የሌለው ቃል የሆነው? ምሥጢሩ ያለው በቃሉ ሳይሆን ባጋባነው ግሥ ላይ ይመስለኛል። ማነቆ «ያጋጥማል»። እንደ ዝናብ፣ እንደ ጎርፍ፣ እንደ ጅብ በሌሊት መንገድ ላይ ያጋጥማል። ማንም አልሠራውም፤ እኛ በደኅናው ቀን ወደ ልማት ስንጓዝ አገኘነው!

የቃል ድህነት ስላለብን እንዳይመስላችሁ። እንቅፋት ብንል ድንጋዩም የተመታው እግርም ይታየናል። ጋሬጣ ብንል እሾሁ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሞ እናየዋለን። ደንቃራ ብንልማ ጭራሹን ሰው ሆን ብሎ በሰው መንገድ ላይ የጣለው ነገር ነው፤ ደንቃራ ያየ ሰው «ማን ጣለብኝ?» ማለቱ የታወቀ ነው። እነዚህ ቃላት ከሪፖርት ቋንቋችን እየተገፉ ወጥተው በምትካቸው «ክፍተት»፣ «ተግዳሮት» እና «ውስንነት» ገቡ። በተለይ «ውስንነት» ለምትባለው ልዩ ጥላቻ አለኝ። «የክትትል ውስንነት ታይቷል» ማለት «አልተከታተልንም» ማለት ነው፤ ዘጠኝ ፊደል ይበቃው የነበረውን ነገር እንዲህ አድርገን አለበስነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ማነቆን ያለ ባለቤት ያስቀረው አንዱ ነገር «ማጋጠሙ» ከሆነ፣ ሌላው ብዙ ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እስራኤላዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤልያሁ ጎልድራት ከጄፍ ኮክስ ጋር ሆኖ «ዘ ጎል» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ልብ ወለዱ ስለ አንድ ሊዘጋ የተቃረበ ፋብሪካ ነው፤ ዋናው ሰውዬ ግን ትምህርቱን ያገኘው ከፋብሪካው ሳይሆን የስካውት ልጆችን በእግር ጉዞ ሲመራ ነው። ልጆቹ በአንድ ረድፍ ይሄዳሉ፤ ሔርቢ የሚባል አንድ ወፍራም ልጅ ይዘገያል። ከእርሱ ፊት ያሉት ርቀው ይሄዳሉ፣ ከእርሱ ኋላ ያሉት ይቆማሉ፤ ረድፉ ይረዝማል እንጂ ቡድኑ ቶሎ አይደርስም። የቡድኑ ፍጥነት የሔርቢ ፍጥነት ነው። መሪው ሔርቢን አልገሠጸውም፤ ለሌሎቹም «ርብርብ አድርጉ» አላላቸውም። ሔርቢን ከፊት አስቀደመው፤ ከዚያም የተሸከመውን ቦርሳ ሲከፍት ከባድ ዕቃ ሞልቶት አገኘና ሸክሙን ለሌሎቹ አካፈለው። ሁሉም ፈጠኑ።

የጎልድራት ነገር ሲጨመቅ፣ ከጠባቡ ቦታ ውጭ የሚደረግ ማሻሻል ሁሉ የማሻሻል መልክ እንጂ ፍሬ የለውም ማለት ነው። በእኔ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤቱ አዲስ ኮምፒዩተር ተገዛለት፤ ፋይሎቹ ወደ ስድስተኛው ጠረጴዛ በፍጥነት ደርሰው እዚያ ተከመሩ። የአንድ ፈሳሽ ማነቆ በአንድ ጊዜ አንድ ነው፤ አሥራ ሁለት ማነቆ ዘርዝሮ የሚያቀርብ ሪፖርት ወይ አሥራ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፣ ወይ ጠባቧን ቦታ አልፈለጋትም፣ ወይ ደግሞ አግኝቷት ከአሥራ አንድ ጓደኞች መካከል ደብቋታል። በምጣኔ ሀብትም እነሪካርዶ ሐውስማንና ዳኒ ሮድሪክ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ጥናት የተከራከሩት ለዚህ ቅርብ የሆነ ነገር ነው፦ ድሀ አገር ሁሉንም ችግር ባንድ ጊዜ ልፍታ ከማለት ይልቅ ዕድገቱን የሰቀዘችውን ገደብ ለይቶ ጉልበቱን እዚያ ላይ ያሳርፍ። እኛ ዘንድ ሐሳቡ ሲደርስ «ቁልፍ ማነቆዎች» ሆነ፤ ቁልፎቹም በዙ።

ጠባቧ ቦታ ስትሰፋ ደግሞ ጥበቱ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ይዛወራል። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደለን የኢንዱስትሪው ማነቆ የኃይል ማመንጫ እጥረት ነው ይባል ነበር፤ እውነትም ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እሰየው! ይሁን እንጂ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ግድቡ ሲመረቅም መብራት አልነበረውም። ጠባቡ ቦታ አሁን ከወንዙ ተነሥቶ በማስተላለፊያው መስመር፣ በየሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ በቆጣሪው ወረፋ ላይ ተቀምጧል። ይህን መናገር ግድቡን ማሳነስ አይደለም። «የኃይል ማነቆው ተፈታ» ብሎ ማጨብጨብና «ጠባቡ ቦታ ወደዚህ ተዛወረ፤ ተከተሉት» ማለት ግን ሁለት የተለያዩ የመንግሥት አስተዳደር ዘዴዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የምፈራውን ግራ መጋባት ላንሣ። አንገት ሌላ ነው፤ ቡሽ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 «ኤቨር ጊቭን» የተባለችው 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ የስዊዝን ቦይ አግድም ዘግታ ስድስት ቀን የዓለምን ንግድ ስታስጨንቅ፣ ቦይው አንገት ነበር፣ መርከቧ ቡሽ ነበረች። ለአንገት ማስፋት ነው መድኃኒቱ፤ ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ዕውቀት ይፈልጋል፤ የዘገየውም ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ለቡሽ ግን መንቀል ብቻ ነው። የእኛ «ማነቆ» ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራል፤ በዚህም ምክንያት ሆን ተብሎ የተዘጋ ነገር እንደ ተፈጥሮ ጥበት ይቅርታ ያገኛል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ከሁለት ዓመት በላይ ሲቋረጥ የመስመር ጥበት አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲጠፋ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮም የትግራይ ሕዝብ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከስልክና ከባንክ ተቆራርጦ ሲኖር፣ ይህ በየትኛውም ቋንቋ «ቦትልኔክ» አይባልም። የዘጋ አለ። ፈረንሳዮች፣ እንደ ገና እነርሱን ላንሣና፣ የመኪና መጨናነቅን «ቡሾን» ይሉታል፤ ቡሽ ማለታቸው ነው። እኔ ቢቻል ይህችን ቃል ከመንገድ አውጥቼ ለመንግሥት ሪፖርት በተዋስኋት።

ከአንገትም ከቡሽም የተለየ፣ ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ነገር አለ። ለእርሱ ደግሞ የውጭ ቃል መበደር አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን «ኬላ» ብለውታል። ደጋው ወደ ቆላ የሚቆረጥባቸው ጠባብ ማለፊያዎች በአማርኛ «በር» ይባላሉ፤ ጣርማበርን የሚያውቅ ያውቀዋል። የቅፍለት ነጋዴ በዚያ ከማለፍ በቀር ምርጫ ስለሌለው ቀረጥ ተቀባዩ ኬላውን የሚተክለው እዚያው ነበር። በሜዳ ላይ ኬላ የሚተክል ሞኝ የለም፤ በግራም በቀኝም ያልፉታል። ኬላ ጥበት ይፈልጋል። አሁን እንግዲህ ለኬላ ጠባቂው «በሩን እናስፋው፣ ሌላም መንገድ በጎን እናውጣ» በሉት። ሰውዬው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን እንጀራው ስለሆነ ይቃወማችኋል፤ ምናልባትም የማስፋቱን ኮሚቴ በሰብሳቢነት ይመራዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

የውጭ ምንዛሪን ነገር አስታውሱ። ለዓመታት «የኢኮኖሚው ዋነኛ ማነቆ» ተብሎ ስንት ጊዜ ተጻፈ! ወደ ውጭ የምንሸጠው ከምንገዛው እጅግ ማነሱ እውነተኛ አንገት ነበር፤ ዛሬም ነው። ነገር ግን በባንክ ያለው ዋጋ ከጥቁር ገበያው በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ወረፋ ውስጥ ያለችው ቦታ ራሷ ሀብት ሆነች፤ ወረፋውን ማስቀደም የሚችል ሰው በር ላይ ቆመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዋጋውን ለገበያ ሲለቅቀው ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዋጋው ንረት የማንን ኪስ እንዳራቆተ ደመወዝተኛው ያውቀዋል፤ እኔም ውሳኔውን ላወድሰው አልተነሣሁም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ አንገቱ እንዳለ ሆኖ ኬላው ሊነሣ ይችል እንደነበረ ያን ጊዜ ታየ፤ በሪፖርቶቹ ውስጥ ግን ሁለቱ ለዓመታት አንድ ስም ይዘው ኖረዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየአውራ ጎዳናው ገመድ እየዘረጋ ከጭነት መኪና አሽከርካሪ ገንዘብ የሚቀበለውን ሁሉ ባለሥልጣኖቻችን ራሳቸው «ሕገ ወጥ ኬላ» ብለው ጠርተውታል። እዚህ ላይ ቃሉን በትክክል ተጠቅመዋልና ምስጋና ይገባቸዋል። ገመድ በሌለበት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቢሮ ውስጥ ያለውንም በዚሁ ስም ቢጠሩት ምስጋናዬ እጥፍ ይሆን ነበር።

ጥበት ሁሉ ይስፋ ማለቴ ግን አይደለም። ብርሌን አንገቱ ጠባብ በመሆኑ የሚከስሰው የለም፤ ጠጁን ከዝንብም ከመፍሰስም የሚጠብቀው እርሱ ነው። እንስራም አፏ እንደ ጎድጓዳ ሣህን ሰፊ ቢሆን ኖሮ ውኃ ቀጂዋ ቤቷ የምትደርሰው ቀሚሷ ርሶ ነበር። በመንግሥት ሥራም እንዲሁ በዕውቀት የተጠበቡ ቦታዎች አሉ፦ ዕግድ የሚሰጥ ፍርድ ቤት፣ ጨረታ ይውጣ የሚል የግዥ ሕግ፣ ደረሰኝ የሚጠይቅ ኦዲተር። በእነዚህ በኩል ነገር ቀስ ብሎ እንዲያልፍ የተደረገው ታስቦበት ነው። «ማነቆ» የሚለው ቃል ልጓም ስለሌለው እነዚህንም ይጠራቸው ጀምሯል። «የግዥ ሕጉ ማነቆ ሆኖብናል»፤ «የፍርድ ቤት ክርክር የልማቱ ማነቆ ነው»። ቤቱ ሊፈርስበት የነበረና ያችን የዕግድ ወረቀት ይዞ የቆመ ሰው ጋር ሄዳችሁ ማነቆው የቱ እንደሆነ ብትጠይቁት ሌላ መልስ ይሰጣችኋል። ስድስተኛው ጠረጴዛም እንዲሁ ነው። ኃላፊው የሚፈርሙት ማታለል እንዳይኖር ለማጣራት ነበር፤ ፊርማው በዚያ መኖሩ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ 214 መድረሱ፣ 214 መሆኑም አለመጻፉ ነበር።

ያ ነገር እንዴት እንዳበቃ ላውጋችሁ። በዓመቱ አጋማሽ ኃላፊው የዓመት ፈቃድ ወጡና አንድ ወጣት ተወካይ በቦታቸው ተቀመጠ። በሁለት ጠዋት ሁሉንም ፋይል አይቶ ጨረሰው፤ ጥቂቶቹን ጉድለት አግኝቶባቸው መለሳቸው፣ የቀሩትን ፈረማቸው። በቀጣዩ ሪፖርት «በተደረገው ርብርብ የአሠራር ማነቆዎች ተፈትተዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቀዩ እስክሪብቶ በዚህኛው ላይ አላረፈም። ኃላፊው ከፈቃድ ሲመለሱ ጠረጴዛው እንደ ገና መሙላት ጀመረ፤ እኔም ከበፊቱ ሪፖርት ላይ «ማነቆዎች አጋጥመዋል» የሚለውን እየገለበጥሁ ቀኑን ብቻ እቀይር ነበር።

ከተፈረሙት መካከል የዚያች እናት ደብዳቤ አንዱ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያ በፊት መምጣት ትተዋል። ፋይላቸው ላይ ስልክ ቁጥር የለም፤ ቀበሌና የቤት ቁጥር አለ፤ ከመሥሪያ ቤታችን በታክሲ ሁለት ፌርማታ ነው። ደብዳቤውን በወጪ ደብዳቤዎች መደርደሪያ ላይ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ አስቀመጥሁት። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሥራውን ስለቅቅ አቧራውን ጠርጌ እዚያው መለስሁት።